ጣት በሻማ ነበልባል ሲያልፍ ለምን አይቃጠልም?

የልጆች እናት፦ መብራት ሲጠፋ ሻማ እንለኩሳለን። የ9 ዓመቱ ልጄ ጣቱን በነበልባሉ መሃል ሽው ያደርጋል፤ ጥላሸት ብቻ ይዞ ይወጣል። ባለፈው ግን የጋለ ምጣድ ነካ ቢያደርግ ወዲያው ውሃ ቋጠረ። ነበልባሉ አይደል እንዴ የሚብሰው?

የፊዚክስ መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሻማ ነበልባል ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ግን ጋዝ ነው፤ ስስ ነው። ሙቀቱን ለቆዳ ቶሎ አያስረክብም። ምጣድ ጠጣር ስለሆነ ብዙ ሙቀት አምቆ ይዟል፤ ስትነኪው ይለቅብሻል። ወሳኙ ቆዳው ራሱ ስንት ዲግሪ ደረሰ፣ ምን ያህልስ ቆየ የሚለው ነው። ቆዳ 60 ዲግሪ ላይ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ይጎዳል። 70 ላይ አንድ ሰከንድ ይበቃል።

የልጆች እናት፦ ጣቱን በምራቅ ያርሰዋልኮ!

የፊዚክስ መምህር፦ እርጥበቱ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ግን ለቅጽበት ብቻ። እንፋሎት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቆዳ ላይ ወደ ውሃ ሲመለስ፣ ሲተን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይጥላል። ድስት ሲከፈት ልጁን አርቂው።

ነርስ ነኝ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እጅጌው ነው። ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እባክሽ ይህን ጨዋታ አስቁሚው። ከተቃጠለ ቶሎ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ በረዶ እንዳትቀቢው። የቋጠረውንም አታፍርጪው።