ዊንዶውስ አልነሳ ብሏል፤ ፎርማት ሳይደረግ ፋይሎቹን ማውጣት ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ሲበራ አርማው ይታያል፣ ነጥቦቹ ይዞራሉ፣ ከዚያ አውቶማቲክ ጥገና ገጽ ላይ ይቆማል። ቢጠፋና ቢበራም ያው ነው። ዊንዶውስ 11፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ወደ 60 ጊጋ የሚሆን የሥራ ፋይል አለበት፣ ሌላ ቅጂ የለም። «ፎርማት አድርገህ እንደገና ጫን» እየተባልኩ ነው። ሌላ መንገድ አለ?

ብሎን ፈቺ፦
ፎርማቱን ለጊዜው እርሳው። ሪሴት የሚለውንም፣ «ፋይሎቼን አቆይ» የሚል ምርጫ ቢኖረውም፣ ፋይሎቹ ሳይወጡ አትንካ። የጥገናው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚያው ዲስክ ስለሆነ፣ ዲስኩ ጨርሶ አልሞተም ማለት ነው።

ምንም ሳትፈታ እንዲህ ሞክር። ኤክስተርናል ዲስክ ሰካ። ከጥገናው ገጽ በአድቫንስድ ኦፕሽንስ በኩል ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈት፣ ኖትፓድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈህ ኢንተር በል። ኖትፓድ ሲከፈት ፋይል፣ ቀጥሎ ኦፕን በል፤ የፋይል ዓይነቱን ወደ ኦል ፋይልስ ቀይር። ያ ትንሽ መስኮት እንደ ፋይል ማሰሻ ይሠራል፤ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ኮፒ አድርገህ ኤክስተርናሉ ላይ ፔስት ታደርጋለህ። ሲ የነበረው ዲ ወይም ሌላ ፊደል ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል በፊደሉ ሳይሆን ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር በመፈለግ ለየው። ኮፒው ስንት እንደደረሰ አያሳይም፣ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ 60ውን ጊጋ በአንዴ አትጫንበት፣ ፎልደር በፎልደር ሂድ።

ኤክስተርናሉ የተፎርማተበት ዓይነት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ይሁን።

ዶሴ፦
የኖትፓዱ ዘዴ ለጥቂት ፎልደር ጥሩ ነው፣ ለ60 ጊጋ ግን ኡቡንቱ (ሳይጫን ከፍላሽ ሊነሳ የሚችል ነጻ የሊኑክስ ሲስተም) ይሻላል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሩፈስ በሚባለው ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም የኡቡንቱን ፋይል ፍላሽ ላይ ጫን (ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል)፣ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳ፣ «ሞክር» የሚለውን ምረጥ። «ጫን» የሚለውን ከመረጥክ ግን ዲስኩን ሊያጠፋብህ ይችላል።

እዚህ ጋ ሦስት ነገር ያደናቅፋል። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ኢንቴል ቪኤምዲ ወይም ሬይድ የሚባለው የዲስክ አሠራር በርቶ ይሆናል። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ተራ አሠራር ስትቀይረው ይታያል፤ ከጨረስክ በኋላ መልሰው፣ አለበለዚያ ዊንዶውሱ ቢድንም በዚህ ምክንያት ብቻ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ዲስኩ ታይቶ ለማንበብ ብቻ ከተከፈተ ምክንያቱ ፋስት ስታርታፕ (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ የሚያጠፋው አሠራር) ነው፤ አንተ የምትፈልገው ማንበብ ስለሆነ እንዲያውም ይመረጣል፣ ለመጻፍ እንዲከፈት አታስገድደው።

ሦስተኛው ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ብዙ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ባለቤቱ ሳያስተውል ይቆለፋሉ። 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠየቃል፣ ኮማንድ ፕሮምፕቱም ሊጠይቀው ይችላል። በስልክ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ ፈልገው፤ ብዙ ቁልፍ ካለ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው መለያ ጋር የሚገጥመውን ውሰድ። ቁልፉ ከሌለ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካትም ዋጋ የለውም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ቁልፉ አካውንቱ ውስጥ ተገኝቷል፣ ዲስኩም ተከፍቷል። ዴስክቶፕ ግን ባዶ ነው!

ዶሴ፦
አትደንግጥ። ዩዘርስ፣ ስምህ፣ ከዚያ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ውስጥ ሌላ ዴስክቶፕ ፎልደር አለ፤ ማመሳሰሉ ሲበራ ወደዚያ ይዛወራል። ስማቸው እየታየ አልኮፒ የሚሉት ደመና ላይ (ኢንተርኔት ላይ) ብቻ ያሉ ናቸው፤ እነሱን በብሮውዘር ገብተህ አውርዳቸው።

ቋጠሮ፦
አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኮፒው በድንገት ወደ ኪሎባይት ከወረደ ወይም የማንበብ ስህተት ከደጋገመ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው፣ ፋይል በፋይል መቅዳቱን አቁም። ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መጠገኛም አታስኪድበት፤ በታመመ ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ የቀረውን ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ ጊዜ ዲዲሬስኪው (ከሊኑክስ የሚሠራ፣ የታመመ ዲስክን ሙሉ ለሙሉ የሚቀዳ ፕሮግራም) ነው የሚያዋጣው፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ጠራርጎ ይወስዳል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ይተዋል። ተቀባዩ ዲስክ ከ512 ጊጋ የበለጠ ባዶ ቦታ ይኑረው። የማፕ ፋይል (የቱን ክፍል እንደቀዳ የሚመዘግብበት) ስጠው፣ ኮረንቲ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ምንጭና መድረሻ ከተምታቱብህ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋልና ኢንተር ከማለትህ በፊት የሁለቱን መጠን አመሳክር። ይህን የሚያነብ ሰው ዲስኩ የሚሽከረከር ሆኖ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ወዲያው ያጥፋው፤ ሶፍትዌር አያድነውም።

ለወደፊቱ ደግሞ ወንድሜ፣ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ዋንድራይቭን እንደ ባክአፕ አትቁጠረው፤ እዚህ ያጠፋኸው እዚያም ይጠፋል፣ ሪሳይክል ቢኑም የጠፋውን የሚይዘው ለተወሰነ ቀን ብቻ ነው። ባክአፕ የያዘውን ኤክስተርናል ከጨረስክ በኋላ ንቀለው፤ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል። አሁን ያወጣኸውንም ላፕቶፑን ፎርማት ከማድረግህ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል እየከፈትክ አረጋግጥ፤ ስሙና መጠኑ ልክ ሆኖ የማይከፈት ፋይል አለ።