የ9 ወር ቦርደር ኮሊ ውሻችን ልጆቹን እንደ በግ መንዳት ጀምሯል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

የሸፊልዷ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው እንግሊዝ አገር ሸፊልድ ነው። ቡሬ የሚባል ወንድ ቦርደር ኮሊ አለን፤ 9 ወሩ ነው። እናትና አባቱ ደርቢሻየር ውስጥ በግ የሚነዱ የእርሻ ውሾች ናቸው። በጣም ብልህ ነው። «ቁጭ»፣ «ተኛ»፣ «ና» የተባለውን ሁሉ ወዲያው ነው የያዘው።

ችግሩ የመጣው 6 ወር ካለፈው በኋላ ነው። ልጆቹ 4 እና 8 ዓመታቸው ነው። ጓሮ ውስጥ ሲሮጡ አድፍጦ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ዞሮ ይቀድማቸውና ጥግ ያስይዛቸዋል። ካልቆሙለት ተረከዛቸውን በጥርሱ ያዝ ያደርጋል። ደም አላወጣም፤ ግን ትንሿ ልጄ መፍራት ጀምራለች። መንገድ ላይ ደግሞ መኪናና ብስክሌት ሲያይ መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ ያፈጣል። አጠገቡ ሲደርሱ ሊወረወርባቸው ይታገላል። ቅዳሜ ሸፊልድ አጠገብ ወዳለው ፒክ ዲስትሪክት የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ስንወጣ በግ ካየ ስሙን ብጠራው አይሰማኝም።

ባለቤቴ ጠዋትና ማታ ረጅም ሩጫ ያስሮጠዋል። ኳስም ብዙ እንወረውርለታለን። አልደከመም፤ እንዲያውም ብሶበታል። ጎረቤታችን «ለገበሬ ስጡት» ትለናለች። ልጆቹ ይህን ሰምተው አለቀሱ፤ እኔም መስጠት አልፈልግም። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩን።

ዴንቨር ነኝ

እህቴ አይዞሽ፤ ቡሬ ክፉ ውሻ አልሆነም። እኔም ቤት ልጆችም ቦርደር ኮሊም ስላሉ የምትዪውን ሁሉ አውቀዋለሁ።

አዳኝ እንስሳ መጀመሪያ ይፈልጋል፣ ያፈጣል፣ አድፍጦ ይጠጋል፣ ያባርራል፤ ከዚያ ይነክሳል፣ ይገድላል። እረኞች ይህን ዘር ለብዙ ትውልድ እየመረጡ ሲያራቡ ማፍጠጡን፣ ማድፈጡንና ማባረሩን አጠነከሩት፤ ንክሻውን አዳከሙት። ስለዚህ የሚሮጥ ልጅ ወይም ብስክሌት ሲያይ ደሙ ውስጥ ያለው ነገር ይነሳበታል። በዚህ ዕድሜ መባሱም የሚጠበቅ ነው፤ ጎረምሳ ሆኗል።

መጀመሪያ ኳሱን አቁሙት። ኳስ ደጋግሞ መወርወር ማፍጠጥና ማባረርን በየቀኑ ማለማመድ ነው። ሩጫውንም ቀንሱት። ቦርደር ኮሊ በሩጫ ብቻ አይደክምም፤ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ነገ ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል። ገና እያደገ ስለሆነም ለመገጣጠሚያው ጥሩ አይደለም።

በምትኩ አፍንጫውንና ጭንቅላቱን አሠሩት። ምግቡን በሳህን ከመስጠት ሣር ላይ በትኑለት፤ እያሸተተ ይልቀም። መጫወቻ ደብቃችሁ አስፈልጉት። የመጫወቻዎቹን ስም አስተምሩት። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የነበረችው ቼዘር የምትባል ቦርደር ኮሊ ከ1,000 በላይ መጫወቻዎችን በስም ትለይ ነበር። ያሠለጠናት ጆን ፒሊ የሚባል የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነው፤ ጥናቱም በ2011 ታትሟል። ቡሬ አምስት ስድስት ስም ቢይዝ ይበቃዋል። ለ10 ደቂቃ አስቦ የሠራ ውሻ ሲተኛ ታዪዋለሽ።

እንቅልፉን ደግሞ አደራ። በዚህ ዕድሜ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት መተኛት አለበት። ልጆች የሚሯሯጡበት ሳሎን ውስጥ ይህ ዘር ራሱን አያሳርፍም፤ እናንተ ናችሁ የምታሳርፉት። ጸጥ ያለ ክፍል ወይም ኬጅ ውስጥ የሚታኘክ ነገር ሰጥታችሁ ዝጉለት። ማታ ማታ የሚያብደው ብዙ ጊዜ ጉልበት ተርፎት ሳይሆን እንቅልፍ አጥቶ ነው።

የቦሌው

ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ውሻ ሳሳድግ ብዙ ዘመኔ ነው። ይሄ ሁሉ ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ግን ሕፃን ላይ ጥርሱን ያሳረፈ ውሻ አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ቅጣት ቢቀምስ አይደግመውም። ጋዜጣ ጠቅልለሽ አፍንጫውን አንድ በይው። እምቢ ካለ እሰሪው።

ዴንቨር ነኝ

ጋሼ፣ ለልጆቹ ማሰብዎ ትክክል ነው፤ እኔም ከሁሉ በፊት የማየው የልጆቹን ደኅንነት ነው። ነገር ግን ይህ ውሻ ሲመታ ማባረሩን አይተውም። የሚማረው ልጆቹ ሲሮጡ እሱ እንደሚመታ ነው። ያኔ ልጆቹን መፍራት ይጀምራል፣ የፈራ ውሻ ደግሞ የምሩን ይነክሳል። አንዳንዱም ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይማራል። ማሰሩም ቢሆን፣ ታስሮ የሚሮጡ ልጆችን ሲያይ ሲውል ይብስበታል። እኔ ያየሁት የሠራ ነገር ልጆቹና ውሻው ሩጫ ባለበት ሰዓት እንዳይገናኙ ማድረግ ነው።

ለመኪናው እንዲህ አድርጊ። ውሻሽን እዪው። አንገቱ ዝቅ ይላል፣ አፉ ይዘጋል፣ ጆሮው ወደ ፊት ይቀናል፣ አንዳንዴ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ ይቆማል። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ብትጠሪውም አይሰማሽም፣ ሥጋ ብታሳዪውም አያየውም። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ነው። መኪናውን ሲያይ ጆሮውን ብቻ የሚያነሣበት ርቀት ፈልጊ፤ 50 ሜትርም ይሁን 100። ሰፊ መናፈሻ ሆኖ መንገዱ በሩቅ የሚታይበት ቦታ ይሻላል። መኪና ሲያልፍ ሲያይ ወዲያው «ጎበዝ» ብለሽ ወደ ኋላ እየሄድሽ የሚወደውን ነገር አጉርሺው። ትንሽ ቆይቶ መኪና ባየ ቁጥር ራሱ ዞሮ ያይሻል። ያኔ ጥቂት ሜትር ቅረቢ። ካፈጠጠ በጣም ቀርበሻል ማለት ነው፤ ሳትቆጪ ተመለሺ።

እስከዚያው ትራፊክ የበዛበት መንገድ ላይ አታውጪው። ባባረረ ቁጥር ማባረሩ ራሱ ሽልማቱ ነው፤ የሳምንት ልፋትሽን ያጠፋዋል።

የመንዝ ልጅ

እህታችን፣ ሰላም ነሽ? እኔ መንዝ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። እዚያ የኛ ውሻ ሥራው ጅብና ቀበሮ ማባረር ነበር፤ በጉን የምንነዳው እኛ ልጆቹ ነን፣ በጅራፍና በፉጨት። ውሻ ራሱ መንጋ ሲነዳ ያየሁት እዚህ ዌልስ እርሻ ስቀጠር ነው። ዛሬ በየቀኑ አብሬያቸው እሠራለሁ፤ ከልቤ የምወደው ሥራ ነው።

የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች ዘራቸው የሚቆጠረው ኦልድ ሄምፕ ከሚባል ውሻ ነው። በ1893 እንግሊዝና ስኮትላንድ ድንበር ላይ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ተወለደ፤ ያራባው አዳም ቴልፈር ይባላል። ከሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ እየጮኹና እየነከሱ ነበር የሚነዱት። ሄምፕ ግን ዝም ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ በዓይኑ ነበር በጉን የሚያንቀሳቅሰው። ገበሬው ሁሉ የሱን ልጆች ፈለገ። ቡሬ ልጆችሽ ላይ የሚያፈጠው ማፍጠጥ ከዚያ የመጣ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ይጥፋ ብለሽ አትልፊ። መጀመሪያና መጨረሻ ይኑረው።

እኛ ጋ አንድ ወጣት ውሻ በግ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሁለት ነገር ይማራል፤ መቆምና ጥሎ መምጣት። ሥራው ሲያልቅ እረኛው የሚላት አንዲት ቃል አለች። ያቺን ከሰማ በጉ አፍንጫው ሥር ቢሆንም ትቶ ይመጣል። እናንተም አንድ ቃል ምረጡ፤ «በቃ» ትሁን። አባትም እናትም ልጆችም ያችኑ ብቻ ተጠቀሙ። አንዱ «በቃ»፣ ሌላው «ስቶፕ»፣ ሦስተኛው «ተው» ካለው ሁሉም ዋጋ ያጣል።

መለማመጃው ቀላል ነው። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ላይ ጨርቅ እሰሪ። ቡሬ ይተኛ። ጨርቁ መሬት ለመሬት ይንቀሳቀስ፤ ከተነሣ ጨርቁ ይቆማል። ሳይነሣ ከጠበቀ «ያዘው» ብለሽ ልቀቂው። ትንሽ ካባረረ በኋላ ጨርቁን ሙት አድርጊው፣ «በቃ» በይ፣ ሲለቅ ሥጋ ስጪው፤ እንደገና አስተኚው። ጨርቁን ከመሬት አታንሺ፣ እንዳይዘልና እንዳይጠማዘዝ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማባረር በፈቃድ የሚገኝ ነገር መሆኑን ሲያውቅ ጠባዩ ሲለወጥ ታያለሽ።

ስለ ፒክ ዲስትሪክት ግን ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። በግ ባለበት ፈጽሞ እንዳትለቂው። በ1953 በወጣው ሕግ በጉን መንከስ ብቻ ሳይሆን ማባረሩም ወንጀል ነው። በግ ባለበት ማሳ ውስጥ ሳይታሰርና ሳይቆጣጠሩት መገኘቱ ራሱ ያስጠይቃል። ሕዝብ በእግሩ እንዲሄድባቸው ክፍት በሆኑት መሬቶች ላይ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ማሰሪያው ከ2 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ እንስሳ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። ገበሬው ሌላ ማስቆሚያ ካጣ ውሻውን ቢተኩስበት ሕግ ሊከላከልለት ይችላል። ያረገዘች በግ ከተባረረች ትጨነግፋለች። እኔ እንዲህ የሞቱ ግልገሎች ለቅሜአለሁና ነው እንዲህ የምለው።

ሐኪሟ፣ ቨርጂኒያ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አጠር ላድርገው። ጠባዩ በድንገት ከባሰ ሕመም እንዳለው ይመርመር፤ የሚያመው ውሻ ቶሎ ይቆጣል። ማኮላሸት የእረኝነት ስሜቱን አያጠፋውም፤ ለዚህ ብለው አያስቸኩሉት። የሌዘር መብራት በፍጹም አያጫውቱት። ይህ ዘር ብርሃንና ጥላ ማሳደድ ላይ ቶሎ ይጠመዳል፤ ከተጠመደ በኋላ ማስተው በጣም ከባድ ነው። አንዳንድ ኮሊዎች አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ትል መድኃኒት በከፍተኛ መጠን እንዳይችሉ የሚያደርግ የዘር ለውጥ አላቸው። በቦርደር ኮሊ ብዙ አይታይም፤ ግን የከብት ወይም የፈረስ መድኃኒት ከእርሻ አምጥተው አይስጡት።

አንድ የኛ ቤት ጉዳይ ልጨምር። ለማሠልጠኛ ብለው የወጥ ሥጋ እንዳይሰጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። ምንም ያልገባበት የተቀቀለ ዶሮ በጣት ጫፍ መጠን ተቆርጦ ይበቃዋል።

የሸፊልዷ እናት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼም ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። ኳሱን ዛሬውኑ ደብቀናል። የወጡን ነገር ጭራሽ አላውቅም ነበር፤ ልጆቹም ከአሁን በኋላ አያጎርሱትም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የ4 ዓመቷ ልጄ ሲመጣባት እየጮኸች ትሮጣለች፤ ምን ላስተምራት? ሁለተኛ፣ እዚህ አካባቢ ውሻ በግ ላይ የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ። ብወስደው ይብስበታል ወይስ ይረጋል?

ዴንቨር ነኝ

ለልጅሽ፦ «ቡሬ ሲመጣ ዛፍ ሁኚ» በያት። እግሯን ገጥማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ወደ ላይ እያየች ዝም ትበል። የማይንቀሳቀስ ነገር አያጓጓውም። ቡሬ በሌለበት እንደ ጨዋታ አለማምዷት፤ ታላቅ እህቷ ወይም ወንድሟ ውሻ ሆኖ ይምጣባት። ነገር ግን የ4 ዓመት ልጅ ስትደነግጥ ይህን ትረሳለችና ዋናውን ኃላፊነት እሷ ላይ አትጣዪ። በር ላይ የሚገጠም የሕፃን አጥር ግዢ። ልጆቹ ሊሮጡ ሲሉ ቡሬ ከአጥሩ ወዲያ የሚታኘክ ነገር ይዞ ይተኛ። አብረው የሚሆኑት ልጆቹ ተቀምጠው ሲስሉ፣ ሲያነቡ፣ ወይም መጫወቻ ሲደብቁለት ይሁን። አዋቂ ሳይኖር ለብቻቸው አይተዉ።

ትንሿ ልጅሽ ራሷ ሥጋውን ሣር ላይ እየበተነች ትመግበው። በአጥሩ በኩልም ቢሆን። ፍርሃቷ በዚህ ነው የሚቀለው።

የመንዝ ልጅ

ስለ በጉ ሥልጠና፦ በሥርዓት ከተደረገ አይብስበትም። ብዙ ውሻ እንዲያውም ሲያፈጥ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚማረው እዚያ ነው። ግን አትቸኩዪ። አሁን በ9 ወሩ ከበጉ ቀድሞ የመዞር ፍጥነትም ዕውቀትም ላይኖረው ይችላል። ያልደረሰ ውሻ ከኋላ ማሳደድና የበጉን ጠጉር መንጨት ይማራል። ዓመት ሲሞላው፣ «ተኛ» እና «በቃ» ሜዳ ላይ በረጅም ገመድ ሲሠሩለት ውሰጂው።

መጀመሪያ ያለ ቡሬ ሂጂና አሠልጣኙን እዪው። በጎቹ ውሻ የለመዱ መሆናቸውን ጠይቂ፤ ለጀማሪ የተለመዱ በጎች ያስፈልጋሉ። የሚያሠራበት ቦታ ትንሽና የታጠረ ይሁን። ውሻው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ልብ በዪ። ዱላ ቢይዝ አትደንግጪ፤ ብዙዎቻችን የምንይዘው የውሻውን አቅጣጫ ለመዝጋት ነው። ሲመታበት ካየሽ ግን ትተሽ ውጪ። ለመጀመሪያ ቀን ከ10 ደቂቃ በላይ በግ ላይ ካቆየውም ሌላ ሰው ፈልጊ። ከዚያ መልስ ቤት ሲገባ በቀጥታ ወደሚተኛበት ክፍል ይግባ፤ ልጆቹ ጋ በዚያ ምሽት ባይሯሯጥ ይሻላል።