የአርባ ቀን ዕድል በደግ ሥራ ይቀየራል? የቻይኖችን እምነት የሚያውቅ ካለ

የስቶሯ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የምሠራው ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን፣ አንድ የቻይና ፋብሪካ ስቶር ውስጥ። ሂሳብ ክፍል በዕድሜ ገፋ ያሉ ቻይናዊት አሉ፤ ሁላችንም ማዳም ነው የምንላቸው። ማታ ሰርቪስ ስንጠብቅ ትንሽ ደብተር ያወጡና በቀይ እስክሪብቶ ክብ ይሠራሉ። አንዳንድ ቀን ሦስት፣ አንዳንድ ቀን ምንም። የዕቃ ቆጠራ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ልጇ ታሞባት ስታለቅስ ዋለች። ማዳም ሰው የለም ብለው የተጠቀለለ ብር ጓንቷ ውስጥ ሲከቱላት ከመደርደሪያ ጀርባ ሆኜ አየሁ። ደስ ብሎኝ በነጋታው ምሳ ሰዓት ለሁሉም አወራሁ። ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «አንቺ ተናገረ፣ ጨረሰ» አሉኝ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው። ማታ ደብተሩ ላይ አንዷን ክብ ሲሰርዙ አየኋቸው። እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ምን አጠፋሁ? ሌላዋን ቻይናዊት ብጠይቃት «ዕድል የሚቀይር ሥራ ነው» አለችኝ። እናቴ ደግሞ ለደረሰባት ሁሉ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ትላለች። ተጽፎ ያለቀ ነገር በምን ይቀየራል?

የናንጂንግ ተመላሽ፦
እህቴ፣ አራት ዓመት ናንጂንግ ስማር ይህን ነገር ቀርቤ አይቼዋለሁ። ደብተሩ የቆየ ልማድ ነው፤ «ጎንግጉዎግ» ይሉታል፣ የበጎና የጥፋት መዝገብ። ስሙ ከሁሉ የሚነሣው በሚንግ ዘመን የኖረው ዩዋን ሊያኦፋን ነው (ከ1533 እስከ 1606 እ.ኤ.አ.)። በወጣትነቱ ኮንግ የሚባል ኮከብ ቆጣሪ በየፈተናው ስንተኛ እንደሚወጣ፣ ልጅ እንደማይወልድ፣ በ53 ዓመቱ እንደሚሞት ነገረው። የፈተናው ውጤት አንድ በአንድ ሲደርስ ሰውየው መመኘቱንም ተወ። እናትሽ እንደሚሉት፣ ተጽፏል፣ በቃ።

በ1569 ናንጂንግ አጠገብ ቺሺያ ተራራ ወጥቶ ከመነኩሴው ከዩንጉ ጋር ሦስት ቀን ዓይኑን ሳይከድን ተቀመጠ። መነኩሴው በርጋታው ተደንቀው ምክንያቱን ጠየቁት። ዕድሌ ስለተቆረጠ የማስበው የለኝም ሲላቸው ሳቁ፤ እኔ ጀግና መስለኸኝ ነበር፣ ለካ ተራ ሰው ነህ አሉት። የተጻፈ ዕድል እጅግ ደጉንም እጅግ ክፉውንም አስሮ አያስቀምጥም ብለው መዝገቡን ሰጡት። በጎው ይጻፋል፣ ጥፋቱ ይቀነሳል። 3,000 በጎ ሥራ ተሳለ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት። ሚስቱ መጻፍ ስለማትችል የዝይ ላባ ቀይ ቀለም እየነከረች የቀን መቁጠሪያው ላይ ክብ ታትም ነበር። የማዳም ቀይ ክብ ከዚያ የወረደ ይመስለኛል።

ልጅ በ1581 ተወለደለት። በ1586 ትልቁን የመንግሥት ፈተና አልፎ የባኦዲ ወረዳ ገዥ ሆነ፤ ያኔ ስለቱ 10,000 ነበር። ሚስቱ ተጨነቀች፤ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ሁሉ ከየት እናመጣለን? በሕልሙ ግን የገበሬውን የመሬት ግብር መቀነስህ ብቻውን ሞልቶታል ተባለ። ከታሪኩ እኔን የያዘኝ ይህ ነው፤ አንድ ባለሥልጣን በአንድ ውሳኔ የስንቱን ቤት እንደሚያሳርፍ። 53 ዓመቱን አለፈ፤ በ69 ዓመቱ ይህን ሁሉ ለልጁ ጻፈለት።

ስላንቺ ጉዳይ፦ «ዪን ዴ» የሚሉት አለ፣ የተሰወረ በጎነት። ሰው ያወቀው ደግነት ዋጋው በዝና ይከፈላል፣ ያልታወቀውን ሰማይ ይከፍላል ብለው ያምናሉ። አንቺ ስታወሪ ዋጋቸውን በምስጋና ከፈልሻቸው።

የለገጣፎው ዲያቆን፦
«ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለው እኛም ጋ አለ፤ በዚህ ማዳምን ተረዳኋቸው። ቁጥሩ ግን አልዋጥልህ አለኝ። የበላዔ ሰብን ታሪክ በየዓመቱ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት እንሰማለን። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን ደፋለት። በቁጥር ቢሆን መቼ ይድን ነበር? ደግነት ሲቆጠር ንግድ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

የናንጂንግ ተመላሽ፦
ዲያቆን፣ ያንኑ እዚያው ቻይና ውስጥ ያሉ ሰዎች ተናግረውታል። ሊዩ ዞንግጆው የሚባል የኮንፊሽየስ ሊቅ (1578–1645) በጎን መቁጠር ጥቅም ፈላጊነት ነው ብሎ፣ ጥፋት ብቻ የሚመረመርበትን ሥርዓት አዘጋጀ። ለእኔ ግን መዝገቡ ሰውን በየማታው ራሱን እንዲጠይቅ ማድረጉ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

የስቶሯ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ማዳምን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው ስለ አያታቸው አወሩኝ፤ መጻፍ ስለማይችሉ ማታ ማታ ማሰሮ ውስጥ ባቄላ ይጥሉ ነበር፣ ለበጎው ነጭ፣ ለጥፋቱ ጥቁር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት። ቡናውን እየቆላች ዝም ብላ ሰማችኝ። ቆይታ «የእኔስ ጥቁሩ ስንት ይሆን» አለች። ቢሾፍቱ ያለችውን እህቷን ካነጋገረቻት ሰባት ዓመት ሆኗታል። ቅዳሜ ልትሄድ ነው፤ አብሬያት እንድሄድ ጠይቃኛለች፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።