ክርክር፦ ለጅምላ አደጋ የሚሆን ጊዜያዊ የአስከሬን ማቆያ በድሬዳዋ ደንብ ይውጣለት?

ሐሳቡን ያቀረበው፣ ከዚራ
ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ ከተማዋ ያን ያህል ሬሳ የምታሳርፍበት ቦታ አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ ስለ መከላከያ ግንብ ብዙ ተነጋግረናል፤ ሲነጋ አስከሬን የት እንደሚሰበሰብና ማን እንደሚመዘግበው ግን እምብዛም አይነሣም። እኔ የምለው፣ አስተዳደሩ በአደጋ ዝግጅት ዕቅዱ ውስጥ ቦታዎቹን አሁኑኑ ይሰይም። ማን እንደሚከፍታቸው፣ ማን እንደሚቆጣጠራቸው፣ መቼ እንደሚዘጉ በደንብ ይጻፍ። ምን ትላላችሁ?

የእድር ዳኛ፣ አዲስ ከተማ
እቃወማለሁ። እዚህ አገር ድንኳን የሚተክለውም፣ መቃብር የሚያስቆፍረውም፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነውም እድር ነው። ደንብ ሲወጣ ወረቀት ይበዛል፤ ወረቀት ሲበዛ ሬሳ ያድራል። ዛሬ እንኳ አንድ አስከሬን ከሆስፒታል ለማውጣት ማኅተም ፍለጋ ስንመላለስ እንውላለን። ደግሞስ በድሬዳዋ ሙቀት ሬሳ ደርድራችሁ ወረርሽኝ ልታመጡብን ነው?

ጤና መኮንን፣ ሳቢያን
ጋሼ፣ የወረርሽኙን ነገር አስቀድመን እናጥራው፤ ስንቱን ሰው ያለ ስም ያስቀበረው ይህ ፍርሃት ነው። በጎርፍ ወይም በመሬት መንሸራተት የሞተ ሰው በሕይወት ሳለ ያልነበረበትን በሽታ ሲሞት አያመነጭም። የዓለም ጤና ድርጅትና ቀይ መስቀል በጋራ ባወጡት መመሪያም ይኸው ተጽፏል። ኮሌራና ኢቦላ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አስከሬን የሚያነሡ ሰዎች ጓንትና ቦቲ ያድርጉ፣ እጃቸውን ይታጠቡ፤ መቃብሩም ከውኃ ምንጭ ይራቅ። ኖራ መነስነስ ለዓይን ካልሆነ በቀር የሚፈይደው የለም።

የሚያስቸኩለን ሌላ ነው። በሞቃት አገር ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ፊት አይለይም። እናት ልጇን አይታ «የእኔ አይደለም» ልትል ትችላለች፤ የሌላውንም «የእኔ ነው» ብላ ልትቀብር ትችላለች። ስለዚህ አስከሬኑ እንደተገኘ ውኃ የማያበላሸው ቁጥር ይታሰርበት። ፊቱ ከጭቃ ይጸዳና ቁጥሩ እየታየ ፎቶ ይነሣ። የተገኘበት ቦታና ሰዓት፣ ልብሱ፣ ጠባሳው፣ ጥርሱ ይጻፍ። ይህ በአንድ አስከሬን ላይ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ፍሪጅም ሕንፃም አይጠይቅም።

የደቻቱ ልጅ
በዚያ ሌሊት አጎቴ ጠፋ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በሰፈራችን ወንድሙን በቀበቶው ለይቶ የቀበረ ሰው ነበር። እንዲያ ያለ ቀበቶ ቀፊራ ገበያ ላይ ተቆልሎ ነው የሚሸጠው። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ቁጥሩን እደግፋለሁ።

አፎቻ፣ ሐረር ጀጎል
ከሐረር ጣልቃ ብገባ አትቆጡኝም ብዬ ነው። አፎቻ የእኛ የሐረሮች እድር ነው፤ ሰርግም ሐዘንም የሚይዝ ስለሆነ የጋሼን ቅሬታ እረዳለሁ። በእስልምና ጀናዛ አይቆይም፤ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። ቤተሰቡ ያወቀውን ሟች «ደንብ ነው» ብላችሁ ሁለት ቀን ብታቆዩት ሰዉ በሩን ሰብሮ ይወስዳል፤ እኔም አልፈርድበትም። የታወቀው በዕለቱ ይሰጥ። ያልታወቀው ካልቆየ ደግሞ በጅምላ ጉድጓድ አይጣል፤ ለብቻው፣ በቁጥሩ፣ በተመዘገበ ቦታ ይቀበር። ዘመድ ሲመጣ መቃብሩን ያገኛል። ማጠቡንም ለሃይማኖቱ ሰዎች ተዉላቸው፤ ቧንቧና መጋረጃ ብቻ አዘጋጁ።

የሕግ ባለሙያ፣ ለገሃሬ
እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ለመቅበር ማቆየት ሌላ፣ ለምርመራ ማቆየት ሌላ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት የሰው አካል ሕግ መሠረት የሞት ምክንያት የሚመረመርበት ስፍራ ለጊዜው የተከፈተ እንኳ ቢሆን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቀብር ብቻ የሚጠብቅ አስከሬን የሚያርፍበት ስፍራ ግን በዚያ ፈቃድ አይያዝም። ይህን መለየት ለእኛም ይጠቅመናል። ጥብቅ ደንብ አስከሬን የሚከፈትበትን፣ ናሙና የሚወሰድበትን ስፍራ ይያዝ። ለማረፊያው መዝገብና ኃላፊ ይበቃዋል።

ለመዝገቡ የምሟገተው በሕጋችን ምክንያት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ነው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲነገር የሚጠየቀው። ሞቱ በሌላ መንገድ ካልተረጋገጠ ሚስቱ መበለት ትሁን ባለትዳር አይታወቅም፤ ውርሱ አይከፈትም፣ የባንክ ሒሳቡም አይነካም። በችኮላ ያለ ቁጥር የተቀበረ አንድ አስከሬን አንድን ቤት ለዓመታት ፍርድ ቤት ያመላልሳል።

ጡረተኛ ፖሊስ፣ መጋላ
ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ምድር ባቡር ሲገለበጥ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ጎርፍ ብቻ እየታያችሁ ነው። የባቡር ወይም የፍንዳታ አደጋ ሲሆን ነገሩ የወንጀል ማስረጃ ነው፤ አስከሬን ያለ ፖሊስ ፊርማ ከስፍራው ሊወጣ አይገባም። ቁልፉም መዝገቡም ፖሊስ ዘንድ ይሁን።

የእድር ዳኛ፣ አዲስ ከተማ
አልኳችሁ፤ ይኸው ማኅተሙ መጣ።

ደረቅ ወደብ የሚሠራ
ብዙ ሰው «ከጅቡቲ መስመር ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር ማምጣት ነው» ሲል እሰማለሁ። ይቻላል። አንዱ እስከ ሃምሳ አስከሬን ይይዛል ይባላል፤ የሚፈለገውም ቅዝቃዜ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ነገር ግን ይህ ኮንቴይነር የተሠራው ቀዝቅዞ የገባን ዕቃ እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ነው እንጂ የሞቀውን ቶሎ ለማቀዝቀዝ አይደለም። በዚህ ፀሐይ በሩን በየሩብ ሰዓቱ ለዘመድ ከከፈታችሁት ውስጡ ወዲያው ይሞቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተርና ነዳጅ ካላዘጋጃችሁ የብረት ምድጃ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ዘመድ ውጭ በጥላ ሥር ፎቶ ይመልከት፤ ለይቻለሁ ሲል አንድ አስከሬን ብቻ ይውጣለት። ወለሉ ላይ መደራረብም የለም፤ መደርደሪያ ይሠራ። ሬሳ የያዘው ኮንቴይነር ተመልሶ ሥጋና አትክልት እንዳይጭን በደንቡ ውስጥ ይግባ። ይህን የምለው ነጋዴውን ስለማውቀው ነው።

ጤና መኮንን፣ ሳቢያን
በረዶ እንከምርበት የሚልም ይመጣል። ይቀልጣል፤ ቆሻሻ ውኃ ያመነጫል። ኮንቴይነር ካልተገኘ አፎቻ እንዳሉት ለጊዜው በተርታ መቅበር ይሻላል፤ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት፣ በመካከሉ አርባ ሳንቲሜትር፣ ድርብ የሌለው። ታይላንድ ከ1997ቱ የሱናሚ አደጋ በኋላ ቸኩላ የቀበረቻቸውን ለመለየት እንደገና ለማውጣት ተገድዳለች። እኛም መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አጠገብ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ ቤተሰብ የዘረመል ምርመራ ውጤት ሲጠብቅ ወራት ማለፋቸውን አይተናል።

ሐሳቡን ያቀረበው፣ ከዚራ
ቁልፉን በተመለከተ፣ ጎርፍ ሲሆን ጤና ቢሮ፣ ወንጀል ሲጠረጠር ፖሊስ ቢይዘውስ?

ጡረተኛ ፖሊስ፣ መጋላ
ሌሊት በጎርፍ ውስጥ ማን በስለት እንደሞተ በምን ታውቃለህ? ሁሉም ሊጠረጠር ይችላል።

የሕግ ባለሙያ፣ ለገሃሬ
ሁሉም ከተጠረጠረ ሁሉም ሊታገት ነው። ፖሊስ «ይቆይ» የሚለው በስም የተለየ ምክንያት በጽሑፍ ሲያቀርብ ብቻ ይሁን፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላቀረበ አስከሬኑ ለቤተሰብ ይሰጥ። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ ከተቋሙ፣ አንዱ ከእድሮችና ከአፎቻዎች ተወካይ እጅ።

የእድር ዳኛ፣ አዲስ ከተማ
ሁለተኛው ቅጂ እኛ ዘንድ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ፤ ሆኖም 24 ሰዓቱን አልቀበልም፣ ለጀናዛ ብዙ ነው። ስድስት ይሁን። የሰፈሩን ሰው በቤት ቁጥር የሚያውቀው የእኛ ለፋፊ ነው፤ በልየታው ጊዜ ከፎቶው አጠገብ ይቀመጥ።

አፎቻ፣ ሐረር ጀጎል
ለፋፊው የሰፈሩን ያውቃል። ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ ድሬዳዋ ያደረ፣ እድርም አፎቻም የሌለው መንገደኛ ቢሞትስ? ማን ያውቀዋል፣ ማንስ ይቀብረዋል?

የእድር ዳኛ፣ አዲስ ከተማ
መቅበሩንስ እንቀብረዋለን። የመቃብር ቦታና የከፈን ወጪ ግን ከእድርተኛው መዋጮ አይወጣም፤ ይህ ከአስተዳደሩ በጀት ነው ተብሎ በደንቡ ይጻፍ።

ጡረተኛ ፖሊስ፣ መጋላ
ለመንገደኛው የሚጠይቅ ዘመድ ስለሌለው ስድስት ሰዓቱ ለእሱ አይሠራም። ቢያንስ በዚህ እንስማማ።