ማንጎና ዘይቱናችን በትል አለቀ፣ ምን ይሻላል?

የሮቢት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሸዋሮቢት አካባቢ እናቴ ጓሮ 12 እግር ማንጎና ጥቂት ዘይቱን አለን። ፍሬው ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይልም። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን በመርፌ የተወጋ የምትመስል ነጥብ አለችው፣ ከሷም እንደ ሙጫ ያለ ፈሳሽ ይወጣል። ሲቆረጥ ውስጡ ነጫጭ ትል ነው፣ ሳህን ላይ ሲወድቅ እየተፈናጠረ ይዘላል። እናቴ ገበያ ይዛ ወጥታ ገዢው ቆርጦ አሳይቶ ሲመልስላት አንጀቴ ነው ያረረው። መድኃኒት ሁለቴ አስረጭተናል፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

አጣዬ፦
ወንድሜ፣ ይሄ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ነጥቧ እንቁላል የጣለችበት ናት። ትሉ ሥጋው ውስጥ ስለሆነ የምትረጩት አያገኘውም፣ እንዲያውም ንብ ትፈጃላችሁ። ትሉ ሲጠግብ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ቆይቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣና ተመልሶ ፍሬው ላይ ይወጣል። ስለዚህ የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ከግማሽ ሜትር በላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ወይ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አጥብቃችሁ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አክርሙት።

ከጀርመን፦
የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እዚህ ቼሪ የሚባል ትንሽ ቀይ ፍሬ አለ፣ እሱንም የራሱ ዝንብ ይበላዋል። ጀርባዋ ላይ ቢጫ ነጥብ አላት፣ ቢጫ ቀለም ስለሚስባት ገበሬው ሙጫ የተቀባ ቢጫ ሰሌዳ ዛፉ ላይ ይሰቅላል። ግን እሷ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የምትፈለፈለው፣ ክረምቱን አፈር ውስጥ ታሳልፋለች። የናንተዋ ሙቀት ስላገኘች ዓመቱን ሙሉ ትፈለፈላለች፣ ለዚህ ነው ፋታ የማትሰጠው።

የሮቢት ልጅ፦
በጠርሙስ የሚሰቀል ማጥመጃስ? አንድ ሰው ብዙ ይይዛል ብሎኛል።

አጣዬ፦
ሚቲል ዩጂኖል የሚባል ዝንብ የሚስብ ሽታ ያለበት ከሆነ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ነው። ይረዳል፣ ግን እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናት፣ ብቻውን አትመኩበት። በ1995 ዓ.ም. ግድም ኬንያ ላይ የታየችው ከእስያ የመጣችዋ የፍራፍሬ ዝንብ አፍሪካን ያዳረሰችው በፍጥነት ነው። ዘይቱኑን ገና ለጋ ሳለ በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት፣ ማንጎውን ዛፍ ላይ አታብስሉት። ጎረቤትህ ካልለቀመ ግን ያንተ ልፋት ከንቱ ነው፣ ዝንቧ አጥር አታውቅም።

የሮቢት ልጅ፦
እናቴ ለአፈሩ ይጠቅማል ብላ የወደቀውን ሁሉ ግንዱ ሥር ነበር የምትከምረው! አሁን ደወልኩላት፣ ጉድጓዱን ነገ ጠዋት እናስቆፍራለን። ጎረቤታችንም 3 እግር ማንጎ አለው፣ ዛሬ ማታ ቤቱ ሄጄ አናግረዋለሁ።