ለአራት ቀን ባሕር ዳር፦ ምን ዓይነት የጀርባ ቦርሳ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ለጥምቀት ከአውሮፓ ሄጄ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጋር ነኝ። መሃል ላይ አራት ቀን ቀንሼ ባሕር ዳር ደርሼ መመለስ አስቤያለሁ። ትልቁን ሻንጣ አዲስ አበባ ትቼ በአንድ የጀርባ ቦርሳ ብሄድ ደስ ይለኛል። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ግን ወገቤን ያመኛል። የምትይዙትን ንገሩኝ እስቲ።

መልስ፦
እህቴ፣ እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ጀርመን ነው፤ በቦርሳ ነገር ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 45 ሊትር ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ ኪስ በኪስ ነው። ባዶውን ወደ ሁለት ኪሎ ይመዝን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ላይ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ እንግዲህ ካልሲ ሳልጨምር ሁለቱ ሄደ ማለት ነው።

አንዴ ደግሞ ከዚሁ ለሦስት ቀን ሮም ስሄድ፣ መሳፈሪያው በር ላይ ያለችው ልጅ «እዚህ መለኪያ ብረት ውስጥ ክተተው» አለችኝ። ገፋሁት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ እምቢ አለ። ከቲኬቱ በላይ ከፈልኩ! የቦርሳው ልክ ትክክል ነበር፤ ያሳበጠው ፊት ለፊት ኪሱ ውስጥ የጠቀጠቅኩት ጃኬት ነው። ስለዚህ ሞልተሽ ለኪው። 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር ማለት 24 ሊትር ነው፣ ወንበር ስር ይገባል፣ ለአራት ቀን ደግሞ ይበቃል።

ለወገብሽ ዋናው ማንገቻው ነው። አያቴ አገልግል ሲያነግቱ በሰፊ ጠፍር ነበር፣ ቀጭን ገመድ ትከሻ እንደሚቆርጥ ማንም አላስተማራቸውም። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ይሁን። የወገብ ቀበቶ ያለው ካገኘሽ በጣም ጥሩ፣ ግን ቀበቶው ሆድሽ ላይ ሳይሆን ዳሌሽ አጥንት ላይ መቀመጥ አለበት፤ ያኔ ነው ክብደቱ ከትከሻሽ የሚወርደው። ሆድሽ ላይ ከመጣ ቦርሳው ለቁመትሽ አጭር ነው፣ ተይው። ከባዱን ነገር ወደ ጀርባሽ አስጠግተሽ ጫኚ፣ ውጭ በኩል ከሆነ ወደ ኋላ ይጎትትሻል።

ሱቅ ውስጥ ባዶውን አዝለሽ «ይመቻል» እንዳትይ። እኔ የመጨረሻውን ስገዛ አምስት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከትቼበት ሳሎን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዞርኩ። ባለቤቴ እስካሁን ይህን እያነሳች ትስቅብኛለች።

አከፋፈቱ እንደ ሻንጣ ዙሪያውን በዚፕ የሚከፈት ይሁን፤ ከላይ ብቻ የሚከፈተው አንድ ሸሚዝ ፍለጋ ሁሉን ያስወጣል። ባሕር ዳር እንደ ማርቆስ አይበርድም፣ ወፍራም ልብስ አትሸከሚ። ነጠላሽንና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ያዢ፣ ዘጌ ከሄድሽ ገዳማቱ ጋር ጫማ ማውለቅ አለ። ጀልባው ላይ ውሃ ይረጫል፣ ስልክና ፓስፖርት ላስቲክ ውስጥ ይግቡ። ፓወር ባንክ ደግሞ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ከስር በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልቅ ቦርሳ ይዘሽ ዘመድ ቤት ከገባሽ ባዶውን አይሸኙሽም፣ የጎጃምን ሰው ታውቂዋለሽ። ማር ይሰጡሻል። ማር ደግሞ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፤ ወደ አውሮፓ ስትመለሺ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አያልፍም፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቺው። ቅቤውን ግን እዚያው ብሉት፣ አውሮፓ ኅብረት ከውጭ የወተት ተዋጽኦ አያስገባም። እኔ የእናቴን ቅቤ ጉምሩክ ላይ ሲጥሉት ቆሜ አይቻለሁ።

በአየር ነው የምትሄጂው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምለው። በመኪና ካሰብሽ ስለ መንገዱ መጀመሪያ እዚያ ያሉትን ጠይቂ።

ሌላ መልስ፦
ወንድሜ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ወገቧን ለሚያማት ሰው ባለ ጎማ ትንሽ ሻንጣ አይሻልም? ባሕር ዳር እኮ ሜዳ ነው።

መልስ፦
አስፋልቱ ላይ ልክ ነህ። ውስጥ ለውስጥ ግን ኮብልስቶን ነው፣ ጎማው ይንገጫገጫል። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ቦርሳ ጭን ላይ ይደረጋል፣ ሻንጣ የት ይገባል?

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 26 ሊትር፣ ባዶው አንድ ኪሎ የማይሞላ አገኘሁ። ጤፍ ስላልነበረኝ በሩዝ ሞክሬዋለሁ፣ ግራ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ይጫናል፣ ማንገቻውን አሳጥሬ ነገ እደግመዋለሁ።