ለጋራ ፕሮፖዛላችን፦ በጫት የነቃ አይጥ ስለ ማኒያ ምን ይነግረናል?

ሰብሳቢው (ደሴ)፦ የረቂቁ ሐሳብ ይኸው ነው። ባይፖላር ስሜት ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም ነው፤ ማኒያ ደግሞ ከፍ ያለው፣ ታማሚው ከመጠን በላይ የሚነቃበት ጊዜ ነው። አምፌታሚን የተባለ አነቃቂ የተሰጠው አይጥ ሳጥኑን ሲዞር ይውላል፤ ቀድሞ የማኒያ መድኃኒቶቹን ሊቲየም ወይም ቫልፕሮኤት ከወሰደ ግን ሩጫው ይቀንሳል። አዲስ ውህድም እንዲሁ ካደረገ ለባይፖላር መድኃኒትነት ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል። የጎደለውን ንገሩኝ።

ፋርማሲስቷ (ደሴ)፦ የጎደለው አምፌታሚኑ ነው። ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ፈቃዱ እስኪመጣ አይጦቹ ያረጃሉ። ለምን ጫት አንሞክርም? እርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ እንደ አምፌታሚን ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ካቲን ወደተባለ ደካማ አነቃቂ እየተለወጠ ይደክማል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ ሦስት ቀን ያደረው ግን ሌላ ነገር ነው። የሰኞው የጫት እስር ከሐሙሱ እኩል ነው ብለን ብንጽፍ ገምጋሚው ይስቅብናል። በአንድ ቀን ጨምቀን፣ የካቲኖኑን መጠን አስለክተን፣ ከፋፍለን እናቀዝቅዘው። ሥራውም በአንድ ከተማ ይሁን፤ የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት ለአይጥ አንድ አይደሉም።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የፈዘዘ አይጥም አይሮጥም! ዲያዜፓም የተባለው ማስታገሻ በብዛት ቢሰጠው ጸጥ ይላል፤ ታዲያ ዲያዜፓም ማኒያን አዳነ ልንል ነው? ጫት ያልቀመሰ ቡድን ውህዱን ብቻ ወስዶ እንደ ወትሮው መንቀሳቀስ አለበት። በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ሚዛኑን መጠበቁም ይታይ።

የሥነ አእምሮ ነርሷ (ደሴ)፦ እኔ የማውቀው ታማሚን እንጂ አይጥን አይደለም። ርዕሳችሁ ግን «የባይፖላር አይጥ» ይላል። ባይፖላር ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል፣ በመካከሉ ደኅና ሆኖ ይቆያል፣ ደግሞ ይመለሳል። ይህ አይጥ ጫቱ ሲያልቅለት ነገሩም ያልቃል። ሦስት ሌሊት ሳይተኛ አድሮ በሬውን የሸጠ ሰው በየትኛው ሳጥን ይለካል?

ሰብሳቢው፦ ሲስተር፣ ልክ ነዎት። «ማኒያ መሰል እንቅስቃሴን የሚቀንሱ ውህዶች ቅድመ ልየታ» ብዬ ለውጬዋለሁ። ቢሆንም እንስሳውን አንናቀው፤ ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ሊቲየምን ለታማሚዎች የሰጠው ጊኒ ፒጎቹ ሲረጋጉ አይቶ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ዛሬ ብዙዎች እነዚያ ጊኒ ፒጎች በሊቲየም ተመርዘው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። መድኃኒቱ ትክክል ነበር፤ የታየው ምልክት ግን ምናልባት የመርዝ ነበር። ስለዚህ ለማነጻጸሪያ ሊቲየም የሚወስዱት አይጦች ደማቸው ይለካ። ለሰው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ ከዚያ እጅግ ካለፈ የምንለካው መመረዝን ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያው (ደሴ)፦ ረቂቁ ላይ ያለው አይጥን ውሃ ውስጥ አስገድዶ ማዋኘቱ ይውጣ። ያ የድብርት መድኃኒት መለያ ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ እሱ ነው። በምትኩ ሁለት ጠርሙስ እናስቀምጥ፣ አንዱ ስኳር ያለው ሌላው ንጹሕ ውሃ፤ ማኒያ ደስታን እንደሚያሳድድ ለማየት ሌሎችም ይጠቀሙበታል። እኔ እቆጥራለሁ፤ የትኛው አይጥ ምን እንደወሰደ ግን እንዳትነግሩኝ።

ፋርማሲስቷ፦ ሴት አይጦችም ይግቡ፤ ታማሚዎቻችን ወንዶች ብቻ አይደሉም። ጭመቃውን እኔ እወስዳለሁ። በጀቱ ላይ «ጫት» ብዬ ልጻፍ ወይስ «እርጥብ የዕፅዋት ናሙና»?

ሰብሳቢው፦ «ጫት» ብለሽ ጻፊ። ደረሰኝ የሚሰጥ ነጋዴ ግን ከአሁኑ ፈልጊ።